አፉን ያልሰጠን ፈረስ

ዳማ ፈረስ ነበረን። ስም አላወጣንለትም። ልጆቹ ሊያወጡለት ፈልገው ነበር፤ እኔ ከለከልሁ። ለሥራ የመጣ እንስሳ እንደ ሕፃን ስም እየተጠራ ከተቆላመጠ ይሰንፋል ብዬ አምን ነበር። ያም ሆኖ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ውስጥ ዳማውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዘመኑ የደርግ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ሰፈራችን ያን ጊዜ ገና ሜዳው ከቤቱ ይበዛ ነበር። እህል ከወፍጮ፣ ቆርቆሮ ከሱቅ፣ ማገዶ ከሐይቁ ዳር፣ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ቤት፣ ሁሉም የሚሄደው በጋሪ ነው። የቤቴ ሰው የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚውሉት በዚያ ፈረስ ጉልበት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረንም።

እኔ አስተማሪ የነበረኝ ሰው አይደለሁም። እርሻ ትቼ ከተማ ስገባ ፊደል አልለይም ነበር። ጭነት እስኪራገፍ ድረስ ጋሪው ላይ ተቀምጬ የሲሚንቶውንና የዱቄቱን ከረጢት ጽሑፍ እየፈታሁ፣ ያልገባኝን አላፊ አግዳሚውን እየጠየቅሁ ነው ማንበብ የቻልሁት። በዚህ የተነሣ አንድ ጠባይ ይዞኝ ቀረ፤ የነገሩኝን ነገር በዓይኔ እስካላየሁ ድረስ ልቤ አይቀበልም። ይህን ጠባይ ለረጅም ጊዜ በጎ ነገር አድርጌ እቆጥረው ነበር።

ዳማውን የገዛሁት ከወረታ ገበያ ነው። ሻጩ የታመነ ሰው ነበር፤ ነውሩን አልደበቀኝም። «ጀርባውን ጫንበት፣ እግሩን አንሣው፣ ጭራውን ያዘው፣ ምንም አይልህም። አፉን ብቻ ተውለት» አለኝ። ለምን ብለው ላንቃው ተበጥቶ ነው አለኝ። በአገራችን ፈረስ መኖ ሲተው ላንቃው አብጦበት ነው ይባላል። አፉን በእንጨት ፈልቅቀው ይይዙና ያበጠውን በጋለ የማጭድ ጫፍ ይበጡታል። ዳማውን ያን ጊዜ ይዘውት የነበሩት ሰዎች ምን ያህል እንደጨከኑበት አላውቅም፤ ምላሱም ላይ ሽቦ ልጓም የቆረጠው አሮጌ ጠባሳ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሰው እጁን ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛና ወደ ላይ ይነሣል። እኔም ልጓም አላደረግሁለትም። ከአፍንጫው በላይ በምታርፍ የጠፍር ልባብ ብቻ ስነዳው ኖርሁ። ቀኝ ስለው ቀኝ፣ ቁም ስለው ይቆማል። አፉን አልነካውም፤ እሱም አያስቸግረኝም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን አልፎ ወደ ሜዳው ወጣ፤ ሲመለስ ለምለም ሣር ጥሎ ሄደ። ሁላችንም ከብታችንን እዚያ ረግረግ ላይ ለቀቅን። መስከረም ሲያልቅ የዳማው ሆድ ተነፍቶ ጎድኑ ግን ይቆጠር ጀመር። ጠጉሩ እንደ ጃርት ቆመ። ድልድዩን ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ጠባቂው ወታደር «ምነው አባት፣ ዘብ ልትተኩኝ ነው?» እያለ ይቀልድብኛል። ፋንድያውን በእንጨት ገልበጥ ባደርገው በነጫጭ ትል ይርመሰመሳል።

ባለቤቴ ስታየው «ኮሶ ብናጠጣውስ?» አለች።

«ፈረስ ነው እኮ።»

«አንተን ያሻረህ እሱን ምን ይከለክለዋል?»

ከልቧ ነበር የምትናገረው። እኔ ግን ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድሁ። እዚያ የነበረው ሠራተኛ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ብዙ ከፈለገ በኋላ በወረቀት የተጠቀለለች ነጭ ዱቄት አውጥቶ ሰጠኝ።

«ያለችኝ ይቺ ናት። የመጣው ለገበሬ ማኅበራቱ ከብት ነበር፤ አልቋል። ሌላ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ ስለዚህ አያፍስሷት። በውሃ ይበጥብጡና በአፉ ይጋቱት። በአፍ ብቻ።»

«ከአፍ ሌላ በየት ይጋታል?»

«እዚህ አገር ሰው በአፍንጫው ያፈስበታል። ሳንባው ይገባል። ሳንባ ከገባ ደግሞ እኔ ጋ አይምጡ፤ የማደርግልዎት ነገር የለኝም።»

አውቃለሁ። አባቴም እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ፈረሱን ከዛፍ ሹካ ላይ ራሱን ቀና አድርገው ያስሩትና በቀንድ ወደ አፍንጫው ያንቆረቁሩበታል። አፉን ቢዘጋ ጥርሱን ቢነክስ አፍንጫውን ሊዘጋ አይችልም። የተሻለው ተሻለው ይባላል፤ የሞተው ደግሞ ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል። ወጣቱ የነገረኝን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ቃል በቃል ነገርኋት።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ባለጋሪ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። መድኃኒቱን አልበጠበጥሁም፤ ጠርሙሱን በባዶ ውሃ ሞልቼ ልንሞክር ነው። አንደኛው የላይ ከንፈሩን በገመድ ጠምዝዞ ያዘ፤ ሌላው ጆሮውን። እኔ ጥርስ በሌለበት በአፉ ጥግ በኩል ጣቴን አስገብቼ ጠርሙሱን ላስከትል ስል ዳማው ተነሣ። የበረቱን ወራጅ በራሱ መታው። ጠርሙሱ ከድንጋዩ ላይ ተከሰከሰ፤ ከንፈሩን የያዘው ሰው ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ።

«ምን ያለው ጉድ ነው! አፉን ከሚከፍት ነፍሱ ብትወጣ ይመርጣል» አለ ጆሮውን ይዞ የነበረው።

ጭቃ ውስጥ የተቀመጠው እየሳቀ፣ «ተወው እባክህ፣ በዚህ ዘመን አፉን የሚዘጋ እሱ ነው ብልኁ» አለ።

ሦስታችንም ሳቅን። ወዲያው ደግሞ ሦስታችንም ወደ አጥሩ ዞር ብለን አየን፤ ሳቁም በዚያው ቀረ።

ያን ዕለት በጉልበት እንደማይሆን ገባኝ። በጉልበት ብንሞክረው ያቺ አንዲት መድኃኒት ፈስሳ ትቀራለች። ስለዚህ አፉን ላስለምደው ቆረጥሁ። ልጆቼን በአለንጋ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ አላፍርበትም፤ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። ፈረሱን ግን አንድ ቀንም መትቼው አላውቅም። ሰው ጥፋቱን ያውቃል፤ ፈረስ የሚያውቀው የደረሰበትን ብቻ ነው። በዱላ የተዘጋ አፍ በዱላ አይከፈትም አልሁ።

ጠዋትና ማታ ጣቴን በስኳር ውሃ እየነከርሁ ከንፈሩ አጠገብ መቆም ጀመርሁ። ስኳር የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የምትደርሰውም ጥቂት ናት። ባለቤቴ ጣሳውን ከፍታ ስታይ ደነገጠች።

«ለልጆቹ ሻይ ምን ልጨምርበት?»

«ጨው።»

«ፈረሱ በስኳር፣ ልጆቹ በጨው?»

«ፈረሱ ከሞተ ሻዩም ይቀራል» አልኋት። ጣሳውን ከድና ወደ ማጀት ገባች። ልጆቹም አላጉረመረሙም፤ በእኔ ቤት ማጉረምረም አልተለመደም።

መጀመሪያ ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ ይሸሻል። ቆይቶ ላስ አደረገኝ። ቆይቶ ደግሞ ጣቴን በከንፈሩ ጥግ ሳሳርፍ ዓይኑን እያፈጠጠም ቢሆን ቆመልኝ። አንድ ጠዋት ጣቴ ድዱን ነካ፤ አልተነሣም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበትን ቀን ጥቂት ነው የማስታውሰው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውነቱ እየሟሸሸ ነበር። ጋሪውን መጎተት አቁሟል። እኔ በሰው ጋሪ ላይ ጭነት እየጫንሁና እያራገፍሁ የዕለት እንጀራ አመጣ ነበር። ትዕግሥቴ ወደ አፉ እያቀረበኝ፣ ቀኑ ደግሞ እሱን ከእኔ እያራቀው ይሄድ ነበር። ይህን አላየሁም ልል አልችልም። አየሁት፤ ግን ጥቂት ቀን ብቻ ቀረኝ እል ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከቁንዝላ የመጡት በዚህ መሐል ነው። በጀልባ ሐይቁን አቋርጠው፣ ለዳማው የሚሆን ገብስ በስልቻ ተሸክመው መጡ። የፈረሱን መታመም ሰምተው ነው የመጡት። በአገራቸው ፈረስ የታመመበት ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ነበሩ። ባለቤቴን እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የዳሯትም እሳቸው ናቸው። እኔ እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማልናገራቸው ሰው ነበሩ።

በረቱ በር ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ይኼ ፈረስ ነው ወይስ የተሰጣ ቆዳ?» አሉኝ።

«ታሞ ነው፣ አያ።»

«መታመሙንማ አየሁት። መድኃኒት የለም?»

«አለ። አፉን አልሰጥ ብሎ ነው እንጂ። እያለማመድሁት ነው።»

«እያለማመድኸው? ከፈረስ ጋር ስብሰባ ተቀምጠሃል በለኛ! እስኪስማማ ነው የምትጠብቀው?»

ባለቤቴ ከማጀት ሆና ሳቀች። እኔም ፈገግ አልሁ።

«በአፍንጫው ብንሰጠው ዛሬ ያልቃል» አሉ።

«በአፍንጫ እንዳይሆን ብለውኛል። ሳንባው ይገባል።»

«ማነው ያለህ?»

«የክሊኒኩ ልጅ።»

«ልጅ?» አሉ። «ፈረስ አለው?»

«የለውም።»

«እኔ ስንት ፈረስ በአፍንጫው ግቼ አድኛለሁ። አፍንጫውም አፉም የሚወርዱት በአንድ ጉሮሮ ነው፤ ያንተ አይደለም እንዴ? ውሃ ትን ሲልህ በአፍንጫህ አይወጣም?»

«አያ፣ በእኔ ቤት በአፉ ነው የሚጋተው» አልሁ።

«ቤቱ ያንተ ነው» አሉ። ገብሱን ፈትተው በእጃቸው አቀረቡለት። ጥቂት ቆረጠመና ተወው።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የስኳሩም የሳሙናውም ነገር ይበላሻል፤ ከዚያም የከፋ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ቀደም ለዳማው ብዬ ቀርቼ «የአብዮቱን ጉዳይ ከፈረስ በታች አየኸው» ተብያለሁ። እሑድን መቅረት አልቻልሁም። ስለ ምርት ዕድገት የሚናገረው ሰው ረጅም ተናገረ። እኛም በየመሐሉ እጃችንን እያነሣን እንጮሃለን። እኔ የማስበው ጣቴን ነበር። በዚያ ጠዋት ጣቴ እስከ ምላሱ ሥር ደርሶ ነበር። ነገ መድኃኒቱን እበጠብጣለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

ስመለስ ከግቢያችን ሳቅ ሰማሁ። በቤታችን ከብዙ ጊዜ ወዲህ ሳቅ አልተሰማም ነበር። ባለቤቴ ጠርሙስ ታጥባለች። ወንድሟ እጀ ጠባባቸውን ሰብስበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ክንዷ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበታል።

«ገባለት!» አለች ገና ሳልጠይቃት። «ጠብታ አልፈሰሰም! ገመዱን እኔ ነኝ የያዝሁት፣ አያ ሲያፈስሱ እኔ ይዤ!»

ፊቷ በርቶ ነበር። ስኳሩን ስወስድባት፣ ልጆቹን ጨው ሳስጠጣ፣ ሌሊት ተነሥቼ በረት ስገባ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ ቆይታለች፤ ደስታዋ አሁን እሷም አንድ ነገር ስላደረገች ነው።

«በየት?» አልሁ።

«በገባበት ገባ» አሉ ወንድሟ። «መግባቱን አትጠይቅም?»

ወደ በረቱ ሄድሁ። ዳማው ራሱን ደፍቶ ቆሟል። የሁለቱም የአፍንጫው ቀዳዳዎች ዳር ነጭ ሆኗል። ሳለ። እንደገና ሳለ። ሳሉ ከሆዱ ሥር የሚመጣ፣ የእርጥብ ነገር ድምፅ ያለበት ሳል ነበር። እጄን ወደ አፉ ሳስጠጋ ጆሮውን አስተኛ።

ከበረቱ ወጥቼ ምን ልበል? ታላቄ ናቸው፤ እንግዳዬ ናቸው፤ ከቁንዝላ ድረስ ለእኔ ብለው መጥተዋል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» አልሁ። ያ ቃል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ከፋንድያው ጋር የሞተ ትል በብዛት ወረደ። ወንድሟ በብትራቸው እየጠቆሙ ልጆቹን ሰብስበው አሳዩአቸው። «እነሆ! ሳንባ ውስጥ የገባ መድኃኒት ትል ያወርዳል?» አሉኝ። እውነትም ነበር። እኔም ለአንድ ቀን ያህል፣ ምናልባት ልጁ ተሳስቶ ይሆናል፣ ምናልባት አባቴም እሳቸውም ያውቁ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ባለቤቴ ገንፎ ሠራች።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ጆሮው እንደ ፍም ጋለ፤ እግሩን አንፈራጥጦ አንገቱን ዘርግቶ ይተነፍስ ጀመር። ከአፍንጫው የሚወርደው ፈሳሽ ይሸት ነበር። የክሊኒኩን ወጣት ለምኜ አመጣሁት። ጆሮውን ከጎድኑ ላይ ለጥፎ በዚህም በዚያም አዳመጠ።

«በየት ነው የጋታችሁት?»

ባለቤቴ ፊቷን አዞረች። ወንድሟ ከደጅ ነበሩ።

«በአፍንጫው» አልሁ።

ነግሬዎት ነበር ቢለኝ በተሻለኝ። እጁን በሣር ጠርጎ ሄደ። ዳማው ከዚያ በኋላ አልተኛም፤ ፈረስ ሲያፍነው አይተኛም። ቆሞ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንድ ረፋድ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሁላችንም ቆመን ነበር። አፉን ከፍቶ ሞተ። ያን ሁሉ ጊዜ እየለመንሁ በጥቂቱ ያስከፈትሁት አፍ ውስጥ አሁን ጣቴን ብከት የሚከለክለኝ አልነበረም። አልነካሁትም።

ባለቤቴ ጮኸች፤ ልጆቹም አለቀሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም በሉ አላልኋቸውም።

ነገሩ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ያሰብሁትን መደበቅ የማልችል ሰው ነኝ። «አያ፣ ሳንባው ነው የገደለው» አልኋቸው።

ተቆጡ። «ሳንባው? ይህን ፈረስ የገደለው ያንተ መለማመጥ ነው! መጥቼ ሳየው ምን ተርፎት ነበር? መድኃኒቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ጣትህን ታስልሰዋለህ! በመጣልህ ቀን ብትግተው ዛሬ ጋሪ ይጎትት ነበር። እኔ የደረስሁት ለሬሳ ነው።»

«ተዉ እንጂ!» አለች ባለቤቴ በመካከላችን ገብታ። ለማን እንዳለችው ግን አልታወቀም። ዓይኗ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ይሄድ ነበር። ገመዱን የያዙት እጆቿ ነጠላዋን ጨብጠዋል።

ያን ጊዜ ነው ያ ጠባዬ የተነሣብኝ። ልየው አልሁ። በዓይኔ ካየሁ ማን እንደገደለው አውቃለሁ፤ ካወቅሁ ደግሞ ሁላችንም እናርፋለን። እውነት ይዞት የሚመጣው ዕረፍት ነው ብዬ ለልጆቼ ስንት ጊዜ ተናግሬ ነበር።

ባለጋሪዎቹ ሬሳውን ጎትተው ከሰፈሩ ወዲያ፣ ደንገሉ ዳር አወጡልኝ። የክሊኒኩን ወጣት እዚያ አስመጥቼ፣ «ሬሳውን ክፈትልኝ» አልሁት።

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ልየው።»

«ፈረሱ አይመለስም እኮ።»

«አውቃለሁ። ክፈትልኝ።»

ቢላዋውን ሲያወጣ ባለጋሪዎቹ ምራቃቸውን ተፍተው ሄዱ። በእኛ አገር የሞተ ፈረስ ለጅብ ይተዋል እንጂ ማን ይነካዋል? አንደኛው፣ ያ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ የቀለደው፣ ከሩቅ ሆኖ «ተው ወንድሜ፣ ነውር ነው፣ ለልጆችህ እዘን!» እያለ ጮኸብኝ። እኔ እግሩን ይዤለት ወጣቱ ከፈተው።

አንጀቱ ውስጥ ትሉ አሁንም ነበር። የወረደው ጥቂቱ ነው። በየቦታው እንደ ገመድ ተቋጥሮ፣ አንዳንዱ ቦታ አንጀቱን ዘግቶ፣ አንጀቱም ጠቁሮ ነበር። አያ የተናገሩት እውነት ነው፤ ዘግይቻለሁ አልሁ። ከዚያ ደረቱን ከፈተ። ሳንባው ግማሹ ጠንክሮ እንደ ጉበት ሆኗል፤ ሲቆርጠው መግልና ያ ነጭ ዱቄት አብረው ወጡ። ልጁም የተናገረው እውነት ነው።

«የቱ ነው የገደለው?» አልሁት።

ቢላዋውን በሣሩ ጠረገ። «ሳንባው ቀደመ። ግን ሳንባው ባይነካ ኖሮ ከአንጀቱ ሕመም ይተርፍ ነበር ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ አላውቅም። ምናልባት ይተርፍ ነበር። ምናልባትም በሚቀጥለው ሳምንት እንደዚህ ቆመን ነበር።»

ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ከግቢ ውጭ ውሃ አቀረበችልኝ። ካልታጠብሁ፣ ልብሴንም ካልለወጥሁ አላስገባም አለች። የነፍስ አባታችን ሰምተው ጠበል ይዘው መጡና፣ «ከሞተ እንስሳ ሆድ ውስጥ ምን ጠፍቶብህ ነው የፈለግኸው?» ብለው ገሠጹኝ። ጎረቤት ለብዙ ጊዜ ከእኛ ቤት አልበላም። ባለቤቴ ምን አየህ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም የወንድሟን ስም ሳላነሣ መናገር ስለማልችል ዝም አልሁ።

አያ በማግሥቱ ወደ ቁንዝላ ሊመለሱ ነበር። ስልቻቸውን ተሸክሜ እስከ ጀልባው ሸኘኋቸው። ደርሰን ማራገፊያው ላይ ተቀመጥን። ጀልባው እንጨት እያራገፈ ነበር።

«እሺ» አሉ ሐይቁን እያዩ። «ተዋርደህ ከፈትኸው አሉኝ። ምን አየህ?»

«ሁለቱንም አየሁ፣ አያ።»

«ሁለቱንም ምን?»

«ትሉም ነበር፣ አንጀቱን ዘግቶት። ሳንባውም በመድኃኒቱ ተበላሽቷል።»

«ትሉ ነበር በለኛ» አሉ።

«ሳንባውም፣ አያ። ነጩ ዱቄት ከነመግሉ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ለሌላው ሰው ፈረስ እንኳ ይህን ነገር...»

«ትሉ ነበር» አሉ ድጋሚ። «ስንቱን ግቻለሁ መሰለህ? አሁን አንተ ያልኸው እውነት ከሆነ፣ ስንቱን... » ሳይጨርሱ ተነሡ። ጀልባው ላይ ሲወጡ እጃቸውን ልይዝ ብል አልሰጡኝም። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር አልመጡም። በኋላ እንደሰማሁት በአገራቸው ፈረስ ሲታመም እንደ ድሮው ይጠሯቸው ነበር፤ እሳቸውም ይሄዱ ነበር። በየት እንደሚግቱት ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ጋሪውን ሌላ ሰው ወሰደው። እኔ ሐይቁ ዳር ከረጢት ተሸካሚ ሆንሁ። ትልቋ ልጄ ትምህርቷን አቁማ ሰው ቤት ገባች። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ባለቤቴ የትከሻዬን ቁስል በሞቀ ውሃ እያጠበችልኝ ነበር። የከረጢቱ ገመድ የላጠው ነው። እጇ ድንገት ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ።»

«መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«እኔ ገመዱን ባልይዝ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

አዎ ብላት፣ ወንድሟንና እጇን ለዘለዓለም ትጠላለች፤ ግን ማልቀሻ ታገኛለች። አይ ብላት፣ ትተነፍሳለች። ሁለቱንም ቃል አፌ ላይ አመጣሁ። እኔ ያስከፈትሁትን፣ ያየሁትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አሰብሁት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለእሷ የሚሆን አንድ መልስ አልተገኘም።

«አላውቅም» አልኋት።

«ከፍተህ አይተኸው የለ?»

«አይቼዋለሁ። አላውቅም።»

ጨርቁን ውሃው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። ከዚያ ቁስሉን ማጠቧን ቀጠለች።